ምሳ ዕቃና የትምህርት ሰዓት፦ የተማሪ ምሳ ታሪክ በንፋስ ስልክ ላፍቶ

በአዲስ አበባ ደቡባዊ ክፍል በሚገኘው በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ ዛሬ ትምህርት ቤት የሚውል ልጅ ምሳውን ከሁለት በአንዱ መንገድ ያገኛል፤ በመንግሥት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሚማር ከሆነ ትኩስ ምግብ ከትምህርት ቤቱ ማብሰያ ቤት ይቀርብለታል፣ በግል ትምህርት ቤት የሚማር ከሆነ ግን በአብዛኛው እናቱ ወይም የቤት ሠራተኛዋ ማለዳ ተነሥታ በምሳ ዕቃ የቋጠረችለትን ይበላል። ሁለቱም መንገዶች ለዛሬ ወላጅ ከጥንት የነበሩ ያህል ቢመስሉም፣ በከተማዋ ለረጅም ጊዜ የቆየው ልማድ ልጅ በቀትር ቤቱ ተመልሶ መብላቱ፣ ካልሆነለትም ሳይበላ መዋሉ ነበር። የልጆች ምሳ ጤናማ ነው ወይስ አይደለም የሚለው ጥያቄ በአሁኑ ጊዜ ብዙውን ጊዜ የሚነሣው የእናቶች ዕውቀትና ትጋት ጉዳይ ተደርጎ ነው። የአካባቢው ታሪክ ሲመረመር ግን ልጁ በቀትር ምን እንደሚበላ የወሰኑት፣ ከእናቲቱ ፈቃድ ይልቅ፣ የትምህርት ቤቱ ደወል፣ የመያዣው ዕቃና የቤቱ ርቀት ሆነው ይገኛሉ።

ክፍለ ከተማው በአሁኑ ስያሜው የተዋቀረው አዲስ አበባ በ1995 ዓ.ም. በአሥር ክፍለ ከተሞች በተደራጀች ጊዜ ነው። ከዚያ አስቀድሞ ላፍቶ፣ ጀሞ፣ ለቡና ሐና ማርያም የኦሮሞ ገበሬዎች እህል የሚያመርቱባቸውና ከብት የሚያረቡባቸው የከተማዋ ዳርቻ መንደሮች ሲሆኑ፣ በምሥራቅ በኩል ያለው የንፋስ ስልክ ሠፈር ግን የደብረ ዘይትን መንገድና የጅቡቲውን የባቡር ሐዲድ ተከትሎ ቀደም ብሎ የፋብሪካና የመጋዘን ሠፈር ለመሆን በቅቷል። የሠፈሩ ስም ራሱ፣ ገመድ አልባው ቴሌግራፍ ወደ አገሪቱ በገባ ጊዜ ሕዝቡ መሣሪያውን ከጠራበት ስም የመጣ እንደሆነ ይነገራል። እንግዲህ ዛሬ በአንድ አስተዳደር ሥር ያሉት እነዚህ ሠፈሮች ሁለት የተለያዩ የቀትር ሕይወቶች ነበሯቸው፤ በአንደኛው እረኛውና ገበሬው በማሳው ዳር የሚበላው ምሳ ነበረ፣ በሌላው ደግሞ በፋብሪካ ጡሩምባ የሚጀመርና የሚያበቃ የሠራተኛ ምሳ ነበረ። የተማሪው ምሳ ከሁለቱም ኋላ የመጣ ነው።

ከምሳ ዕቃ በፊት ስንቅ ነበር። ስንቅ ማለት ዘማች፣ ነጋዴ፣ ተሳላሚ ወይም ተማሪ ከቤቱ ርቆ ሲሄድ የሚይዘው፣ ሳይበላሽ ብዙ ቀን የሚቆይ ምግብ ሲሆን፣ ቆሎ (የተቆላ ገብስ፣ ስንዴ ወይም ሽምብራ)፣ በሶ (ተቆልቶ የተፈጨ ገብስ)፣ ድርቆሽ (ደርቆ የሚቀመጥ እንጀራ)፣ ቋንጣ፣ ዳቦ ቆሎና ጭኮ (በቅቤ የታሸ የበሶ ዱቄት) ዋነኞቹ ዓይነቶች ናቸው። እነዚህ ምግቦች የተመረጡት ለጤና ተብሎ ሳይሆን ክብደታቸው ቀላል፣ ዕድሜያቸውም ረጅም ስለሆነ ነው፤ ይሁን እንጂ በዛሬ የሥነ ምግብ መመዘኛ ሲታዩ የሚያሳፍሩ አይደሉም። ገብሱ ሳይጣራ ሙሉ ፍሬው የሚፈጭ በመሆኑ አሰር ይኖረዋል፣ ማለትም ሆድን የሚያጠግብና የምግብ መንሸራሸርን የሚያግዝ የእህል ክፍል አይጎድለውም፤ ሽምብራው ፕሮቲን ይጨምርለታል፤ በስንቁ ውስጥም ስኳር የሚባል ነገር የለም። ለድግስና ለረጅም ጉዞ ወጥና እንጀራ የሚያዝበት፣ ተሰፍቶ በቆዳ የሚለበጠውና ክዳን ያለው አገልግልም ነበረ። አገልግል ግን የሠርግ፣ የማኅበርና የአማች ጥየቃ ዕቃ እንጂ የልጅ ዕቃ ሆኖ አያውቅም።

በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ሥርዓት የተማሪው ምሳ የቤተሰቡ ኃላፊነት አልነበረም። በተለይ ከፊደልና ከዳዊት ንባብ አልፎ ዜማ፣ ቅኔ ወይም ትርጓሜ ሊማር ከአገሩ የወጣው የቆሎ ተማሪ፣ ደበሎውን ለብሶ፣ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ በየደጁ ይቆምና የተሰጠውን ቁራሽ በአኩፋዳው ይሰበስባል፤ አኩፋዳ ተማሪው የለመነውን እህልና እንጀራ የሚያኖርበት በትከሻ የሚንጠለጠል መያዣ ነው። ከአሥር ቤት የተገኘ ቁራሽ የአሥር ቤት ወጥ ስለሚነካው ተማሪው ሳያስበው ከሽሮውም፣ ከምስሩም፣ ከጎመኑም ይደርሰው ነበር፤ ችግሩ ያለው በዓይነቱ ሳይሆን በመጠኑና በማይታወቀው ሰዓቱ ላይ ነው። በዚህ ሥርዓት ተማሪን የሚመግበው ማኅበረሰቡ ነው፤ የኔታም ሆኑ ወላጅ በቀትር ምን በላ ተብለው አይጠየቁም። ይህ አስተሳሰብ በሌላም አገር ነበረ፤ በጃፓን የትምህርት ቤት ምገባ መነሻ ተደርጎ የሚወሳው እ.ኤ.አ. በ1889 በፁሩኦካ ከተማ በአንድ የቡድሃ ቤተ መቅደስ ይገኝ በነበረ ትምህርት ቤት ለድኻ ልጆች የቀረበው ምግብ ሲሆን፣ እሱም ከመነኮሳት ምጽዋት የተገኘ ነበር። በከተማ ውስጥ በየደብሩ የሚገኘው የቄስ ትምህርት ቤት ከዚህ ይለያል፤ ልጆቹ የሠፈር ልጆች ስለሆኑ ጠዋት ፊደል ቆጥረው ለምሳ ቤታቸው ይገባሉ፣ ቢበዛ በኪሳቸው ቆሎ ይይዛሉ።

ዘመናዊው ትምህርት ከዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት መከፈት (1901 ዓ.ም.) እና ከተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት መቋቋም (1917 ዓ.ም.) በኋላ ሲስፋፋ፣ መንግሥት የምሳን ጥያቄ በአዳሪነት መለሰው። አዳሪ ማለት በትምህርት ቤቱ ግቢ የሚያድርና የሚመገብ ተማሪ ነው፤ ከጣሊያን ወረራ በኋላ የተከፈቱት የኮተቤው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴና የጄኔራል ዊንጌት ትምህርት ቤቶችም በዚሁ መንገድ ሄዱ። ለአዳሪው ምሳ በደወል ይቀርብለታል። ለተመላላሹ ግን የተሰጠው መፍትሔ ረዘም ያለ የቀትር ዕረፍት ነበር፤ ልጁ ጠዋት ተምሮ በስድስት ሰዓት ወደ ቤቱ ይሄዳል፣ በልቶ ከሰዓት በኋላ ይመለሳል። ይህ አሠራር የሚሳካው ትምህርት ቤቱ ከቤት በእግር በሚደረስበት ርቀት ላይ ሲሆንና በቤት ውስጥ ምግብ የሚያቀርብ ሰው ሲኖር ብቻ ነው። ከላፍቶ ወይም ከጀሞ መንደር ተነሥቶ ወደ መሐል ከተማ ለሚጓዝ ጥቂት የገበሬ ልጅ ሁለቱም አልተሟሉለትም፤ ስንቁ ቆሎና ዳቦ፣ ዕረፍቱም ከትምህርት ቤቱ አጥር ሥር ነበር።

ምሳ ዕቃ በአዲስ አበባ የኖረው በመጀመሪያ የሠራተኛ ዕቃ ሆኖ ሳይሆን አይቀርም። በእጀታ የሚያያዙ፣ አንዱ በሌላው ላይ የሚደራረቡ፣ በኤናሜል የተለበጡ ወይም ከአሉሚኒየም የተሠሩ ሳህኖች ያሉት ይህ ዕቃ በሕንድ ውቅያኖስ ዙሪያ ባሉ ብዙ አገሮች የታወቀ ሲሆን፣ በቦምቤይ ከተማ ከ19ኛው ምዕተ ዓመት መጨረሻ ጀምሮ የሠራተኛውን ምሳ ከቤቱ ወደ ቢሮው የሚያመላልሱ ማኅበርተኞች መተዳደሪያ ለመሆን በቅቷል። ባቡር አዲስ አበባ ከደረሰበት ከ1909 ዓ.ም. በኋላ ከውጭ የሚገቡ የብረትና የኤናሜል ዕቃዎች በከተማዋ ገበያ ተለመዱ። በደብረ ዘይት መንገድ ግራና ቀኝ በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን የተተከሉት ፋብሪካዎች የቀን ሠራተኛውን ከቤቱ ለይተው ሲያውሉት፣ ምሳ ዕቃው ትክክለኛ ቦታውን አገኘ፤ ከታች በኩል ያለው ሳህን ወጡን፣ ከላይ ያለው እንጀራውን ስለሚይዝ ሁለቱ ሳይቀላቀሉ ይደርሳሉ። የዚህ ዕቃ አሠራር ለሀበሻ ምግብ የሚመች ነበር፤ እንጀራው ሳይረጥብ፣ ሽሮው ሳይፈስ፣ ድንቹና ጎመኑም የየራሱን ቦታ ይዞ ይጓዛል። የልጆቹ ምሳ ዕቃ በኋላ ይህን ጥቅም አጥቷል፤ ነገሩ ቀላል ቢመስልም ብዙ ለውጥ ያስከተለው እሱ ነው።

ፓስታና ማካሮኒ የመጡትም ከዚያው ከደቡቡ መንገድ ነው ማለት ይቻላል። በጣሊያን ወረራ ዘመን የከተማው ሰው ከተዋወቃቸው ምግቦች መካከል እነዚህ የስንዴ ምግቦች ዘላቂ ቦታ ያገኙ ሲሆን፣ ከንፋስ ስልክ ወደ ደቡብ በሚገኘው በቃሊቲ የተተከለው የዱቄት፣ የፓስታና የብስኩት ፋብሪካ ደግሞ የአገር ውስጥ ምርት አደረጋቸው። በመጀመሪያ የእንግዳና የምግብ ቤት ምግብ የነበረው ፓስታ ቀስ በቀስ የሠራተኛው ቤተሰብ ምግብ ሆነ፤ ለዚህም ዋጋው ብቻ ሳይሆን በፍጥነት መድረሱ ምክንያት ነበር። እንጀራ ሊጥ ቦክቶ፣ ምጣድ ተጥዶ፣ ጭስ ተችሎ የሚጋገር ነው፤ ማካሮኒ ግን ውኃ ሲፈላ ይበስላል።

ከ1967 ዓ.ም. በኋላ የግል ትምህርት ቤቶች በመንግሥት ተወርሰው «የሕዝብ ትምህርት ቤት» ሲባሉ፣ የተማሪው ቁጥርም ከክፍሉ በላይ ሲያድግ፣ የከተማዋ ትምህርት ቤቶች በፈረቃ ማስተማር ግድ ሆነባቸው። ፈረቃ አንዱን ክፍል ጠዋት አንድ የተማሪ ቡድን፣ ከሰዓት በኋላ ሌላ ቡድን እንዲጠቀምበት የሚያደርግ አሠራር ነው። ፈረቃ በትምህርት ጥራት ላይ ያስከተለው ጉዳት ብዙ ጊዜ ተነግሯል፤ በምሳ ላይ ያመጣው ውጤት ግን ብዙም አልታየም። የጠዋቱ ተማሪ ትምህርቱን ጨርሶ ምሳውን ቤቱ ይበላል፤ የከሰዓቱ በልቶ ይመጣል። ስለዚህ በአንድ ትውልድ ዘመን ውስጥ፣ በአብዛኛው የአዲስ አበባ ሠፈር፣ ንፋስ ስልክን ጨምሮ፣ «የተማሪ ምሳ» የሚባል የተለየ ነገር አልነበረም፤ ልጁ የሚበላው ቤተሰቡ የሚበላውን ነው። ስኳርና ዘይት በቀበሌ ሱቅ በኩፖን በሚታደልበት በዚያ ዘመን ቤተሰቡ የሚበላው እንጀራ በሽሮ ሆኖ ሰነበተ። በቤቱ እህል ካለ ልጁ የጤፍና የጥራጥሬ ቅልቅል በየቀኑ ያገኝ ነበር፤ ከሌለ ግን ትምህርት ቤቱ ነገሩን የሚያውቅበት መንገድ አልነበረውም፣ ረኃቡ በቤቱ ተደብቆ ይቀራልና።

እዚህ ላይ ስለ ሽሮ ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። ፕሮቲን ሰውነት ከሚገነባባቸው አሚኖ አሲድ ከሚባሉ ንጥረ ነገሮች የተሠራ ሲሆን፣ የእህል ዘሮች በአብዛኛው ላይሲን የሚባለው ዓይነት ያንሳቸዋል፤ ባቄላ፣ አተር፣ ሽምብራና ምስር ደግሞ ይህ ሞልቷቸው ሜታዮኒን የሚባለው ያንሳቸዋል። እንጀራና ሽሮ በአንድ ትሪ ሲቀርቡ አንዱ የሌላውን ጉድለት ይሞላል። ሊጡ መቡካቱም በጤፉ ውስጥ ያለውንና ብረት ከሰውነት ጋር እንዳይዋሐድ የሚያደርገውን ፋይቴት የተባለ ንጥረ ነገር ይቀንሰዋል። ሽሮ የሚጎድለው ከአትክልትና ከፍራፍሬ የሚገኘው ቫይታሚን ኤና ሲ ነው፤ ጎመን፣ ካሮት ወይም ብርቱካን ከተጨመረበት በሕፃን ማዕድ ላይ የሚፈለገው አብዛኛው ነገር ተሟልቷል ማለት ነው። የአገሪቱ ባለሙያዎችም ይህን አመዛዘን ከልጅ ምግብ ጋር ማገናኘት የጀመሩት ቀደም ብለው ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1962 በኢትዮጵያና በስዊድን ትብብር የተቋቋመው የሕፃናት ሥነ ምግብ ክፍል፣ በኋላም እ.ኤ.አ. በ1968 የኢትዮጵያ ሥነ ምግብ ኢንስቲትዩት የሆነው ተቋም፣ ስንዴን ከጥራጥሬና ከወተት ዱቄት ጋር ያቀላቀለውን ፋፋን ያስገኘው በዚሁ ሐሳብ ላይ ተመሥርቶ ነው። ፋፋ ግን የጨቅላ ምግብ ሆኖ ቀረ፤ የሰባትና የስምንት ዓመት ተማሪ በቀትር ምን ይብላ የሚለውን የጠየቀ አልነበረም።

ጥያቄው የመጣው ከ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ በኋላ ነው። ፖሊሲው ለግል ባለሀብት በር ሲከፍት በከተማዋ በየሠፈሩ አፀደ ሕፃናትና አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች እንደ አሸን ፈሉ፤ ከመንግሥት ትምህርት ቤት የሚለዩበት አንዱ መስሕብም ሙሉ ቀን ማስተማራቸው ነበር። ሁለቱም ወላጆች ሥራ ለሚውሉበት ቤተሰብ ልጁ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት እስከ ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል በአንድ ግቢ መዋሉ ትልቅ እፎይታ ነው፤ ግቢው ግን ለምሳ አልተሠራም። ብዙዎቹ ትምህርት ቤቶች የተከፈቱት በኪራይ በተያዘ የመኖሪያ ቪላ ውስጥ በመሆኑ ማብሰያ ቤት፣ መመገቢያ አዳራሽም ሆነ ማሞቂያ አልነበራቸውም፤ ምሳ በክፍል ውስጥ፣ በዴስክ ላይ፣ ቀዝቃዛውን ይበላል። ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በተስፋፋው የጋራ መኖሪያ ቤቶች መርሐ ግብር በጀሞና በአካባቢው ኮንዶሚኒየም ሲነሣ፣ ከመሐል ከተማ የመጡ ቤተሰቦች ልጆቻቸውን በሰርቪስ (በየወሩ በሚከፈልበት የተማሪ ሚኒባስ) ራቅ ወዳለ ትምህርት ቤት ማመላለስ ጀመሩ። ልጁ ከነጋ በአንድ ሰዓት ከቤት ይወጣል፤ ምሳው ስለዚህ ከዚያ በፊት ተሠርቶ፣ ቀዝቅዞ፣ ተከድኖ ቦርሳው ውስጥ መግባት አለበት። ከበሰለ እስኪበላ አምስት ሰዓት ያህል ያልፋል ማለት ነው።

የምሳ ዕቃውም መልክ በዚሁ ዘመን ተለወጠ። ከዱባይና ከቻይና የመጣው ቀለም ያሸበረቀ የፕላስቲክ ምሳ ዕቃ ከልጁ ቦርሳና ከውኃ ኮዳው ጋር ተጣጥሞ የተሠራ፣ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ክፍል ብቻ ያለውና ክዳኑ ወጥ የማያግድ ነው። ሽሮ በዚህ ዕቃ ሲያዝ ደብተር ያበላሻል፤ እንጀራው ከወጡ ጋር ከተቀመጠ ይላቁጣል፤ ክዳኑ ሲከፈትም ሽታው ክፍሉን ይሞላል። ልጆችም በጓደኞቻቸው ፊት የሚያሳፍረውንና የሚያኮራውን ይለያሉ። እናቶች እንግዲህ የማይፈስ፣ ቀዝቅዞ የሚበላ፣ በሹካ የሚነሣ፣ የማይሸትና ልጁ የማያፍርበት ምግብ ፈለጉ፤ ይህን ሁሉ የሚያሟላው ፓስታ፣ ማካሮኒ፣ ሩዝ፣ ዳቦ በእንቁላልና ድንች ጥብስ ሆነ። ፍርፍር ብቻ ከአገር ምግብ ወገን በክብር ተረፈ፤ እሱም ወጡ አስቀድሞ በእንጀራው ስለተመጠጠ አይፈስም። ሽሮ ከተማሪው ምሳ ዕቃ የወጣው ማንም በጤና ስለመዘነው አልነበረም፤ ዕቃው አልያዘውም።

ከዚህ ጋር የሚነሣ ሌላ ጉዳይ አለ። በአንድ ክፍል የኦርቶዶክስ፣ የሙስሊምና የፕሮቴስታንት ቤተሰብ ልጆች ምሳቸውን አንድ ላይ ዘርግተው ይጎራረሳሉ፤ ክርስቲያንና ሙስሊም ደግሞ አንዱ የሌላውን እርድ አይበላም። ስለዚህ ብዙ ጠንቃቃ እናቶች ልጃቸው ሳያውቅ የጓደኛውን እምነት እንዳይነካ፣ ወይም ብቻውን ተነጥሎ እንዳይበላ፣ ሥጋን ከምሳ ዕቃ ያስቀራሉ። ረቡዕና ዓርብ፣ በዐቢይ ጾምም እስከ ፋሲካ፣ በልማድ ከሰባት ዓመት ጀምሮ እንዲጾሙ የሚለማመዱ ልጆች እንቁላልና ወተት አይበሉም። ሥጋውና እንቁላሉ በዚህ ምክንያት ሲወጡ ቦታቸውን ጥራጥሬ ሊይዘው ይገባ ነበር፤ ያ ደግሞ አስቀድሞ በፈሳሽነቱ ወጥቷል። በጾም ቀን በጀሞ ወይም በለቡ በሚገኝ የግል ትምህርት ቤት የሚከፈተው የምሳ ዕቃ፣ በዘይት የታሸ ነጭ ማካሮኒ በትንሽ ቲማቲም የሚሆንበት ምክንያት ይኸው ነው። ይህን ለእናት ስንፍና መስጠት ፍርደ ገምድልነት ነው።

የመክሰሱ ታሪክ አጭር ነው። በማለዳ ወደ ሥራ ለመሄድ የሚዋከብ ወላጅ ከምሳው ጎን ብስኩት፣ ቺፕስና የታሸገ ጭማቂ ማስገባቱ ከ1990ዎቹ ወዲህ ተለመደ፤ በትምህርት ቤት በር ላይ ደግሞ ፓስቲ፣ ሳምቡሳና ከረሜላ ይሸጣል። የለስላሳ መጠጥ ነገር ለንፋስ ስልክ ሩቅ አይደለም፤ በሠፈሩ ያለው የፔፕሲ ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ1996 ከመንግሥት ወደ ሞሐ ለስላሳ መጠጦች የተዛወረ ሲሆን፣ ሚሪንዳ የልደትና የትምህርት መዝጊያ በዓል መለያ ሆኖ ቆይቷል። ለበዓል የሚጠጣው በየቀኑ ምሳ ዕቃ አጠገብ ሲቀመጥ ነው ጉዳቱ የሚጀምረው።

የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ታሪክ በተቃራኒው አቅጣጫ ሄደ። ፈረቃ በየደረጃው ሲቀርና ትምህርቱ ሙሉ ቀን ሲሆን፣ በቤት ተደብቆ የኖረው ረኃብ ክፍል ውስጥ ታየ፤ ቁርስ ሳይበሉ መጥተው በቀትር የሚያዞራቸው ልጆች፣ ምሳ የሌለው ልጅ በዕረፍት ሰዓት ሌሎች ሲበሉ ላለማየት ወደ ሜዳ መውጣቱ፣ መምህራን ከደመወዛቸው አዋጥተው ዳቦ መግዛታቸው የታወቁ ነገሮች ሆኑ። በአገር ደረጃ የዓለም የምግብ ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ1994 የትምህርት ቤት ምገባን ቢጀምርም፣ ትኩረቱ ድርቅና ጦርነት በጎዳቸው የገጠር አካባቢዎች ላይ ስለነበር አዲስ አበባ ከዕቅዱ ውጭ ነበረች፤ ከተማ ውስጥ ያለ ሰው ይርበዋል ተብሎ አይገመትም ነበርና። በከተማዋ ክፍተቱን በከፊል የሞላው የእናት ወግ የተባለው የበጎ አድራጎት ማኅበር ሲሆን፣ በተመረጡ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ለችግረኛ ልጆች ምግብ ያቀርብ ነበር። አሠራሩ ብዙ ልጆችን ከመውደቅ ቢያድንም አንድ ችግር ነበረበት፤ ከአንድ ክፍል ጥቂቶች ተመርጠው ሲመገቡ ተመርጦ መብላቱ በራሱ የድኅነት ምልክት ይሆናል።

በ2011 ዓ.ም. ተጀምሮ በ2012 የትምህርት ዘመን በኢንጂነር ታከለ ኡማ አስተዳደር ወደ 300 ሺህ ለሚጠጉ የቅድመ መደበኛና የአንደኛ ደረጃ ተማሪዎች የተዘረጋው የከተማ አስተዳደሩ ምገባ ይህን ልዩነት አስቀረ፤ በመንግሥት ትምህርት ቤት ያለ ልጅ ሁሉ፣ ያለውም የሌለውም፣ ቁርስና ምሳ ይበላል። በከንቲባ አዳነች አቤቤ ዘመን የተመጋቢው ቁጥር ከ700 ሺህ በላይ ደርሷል። ምግቡን የሚያበስሉት «መጋቢ እናቶች» ተብለው የሚጠሩ፣ በማኅበር የተደራጁ የየአካባቢው ሴቶች ሲሆኑ፣ ቁጥራቸው ከ10 ሺህ በላይ ነው፤ ብዙዎቹም ልጆቻቸው በዚያው ትምህርት ቤት የሚማሩ ናቸው። የሚቀርበውም በአብዛኛው እንጀራ በምስር፣ በአተር ወይም በሽሮ ወጥ፣ ሩዝ፣ ዳቦና የመሳሰለው ሲሆን፣ ጥራጥሬ ለሁሉም ሃይማኖት የሚስማማ፣ በጾምም በፍስክም የማይለወጥ ስለሆነ የምግብ ዝርዝሩን አቅልሎታል። በምሳ ዕቃ ሊያዝ ያልቻለው ወጥ በድስት ሲመጣ ችግር አልሆነም።

ሌሎች አገሮች ወደዚህ የደረሱበት መንገድ የተለያየ ነው። እንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ1906 ለትምህርት ቤት ምግብ ሕግ ያወጣችው በቦር ጦርነት ጊዜ ለውትድርና የመጡ ወጣቶች አካል ተጎሳቁሎ ስለተገኘ ነው፤ የአሜሪካ የ1946ቱ የትምህርት ቤት ምሳ ሕግ የወታደር ጤናን ከገበሬው ትርፍ ምርት ጋር አያይዞታል፤ በሕንድ ማድራስ ከ1925 ጀምሮ ሲሞከር የቆየው የቀትር ምግብ ከ2001 በኋላ በጠቅላይ ፍርድ ቤት ትእዛዝ በመላ አገሪቱ የበሰለ ምግብ ሆኖ እንዲቀርብ ተወሰነ። በአዲስ አበባ ግፊቱ ከሠራዊትም ከፍርድ ቤትም ሳይሆን ከክፍሉ ውስጥ፣ በረኃብ ከሚዝለፈለፈው ልጅ የመጣ ነው። ይህ ለፕሮግራሙ ጥንካሬ የሚሰጠውን ያህል ድክመትም አለው፤ ዋናው ዓላማው ማጥገብ ስለሆነ የምግቡ ዓይነት፣ በተለይ የአትክልቱና የፍራፍሬው ድርሻ፣ በበጀትና በገበያ ዋጋ ላይ ጥገኛ ሆኖ ይቀራል።

የገበያው ነገር ደግሞ ለንፋስ ስልክ ላፍቶ የተለየ ትርጉም አለው። በ2012 ዓ.ም. በኮቪድ ወረርሽኝ ምክንያት ከፒያሳው አትክልት ተራ ወደ ጃንሜዳ የተዛወሩት የጅምላ ነጋዴዎች በ2013 ዓ.ም. ኃይሌ ጋርመንት አካባቢ ወደተዘጋጀላቸው ቦታ ሲገቡ፣ የከተማዋ ትልቁ የአትክልትና የፍራፍሬ ገበያ በዚሁ ክፍለ ከተማ ሆነ። ሙዝ፣ ብርቱካን፣ ካሮትና ጎመን በጭነት መኪና የሚራገፉበት ቦታ ከጀሞና ከለቡ የግል ትምህርት ቤቶች በጥቂት ኪሎ ሜትር ይርቃል። ይሁንና በምሳ ዕቃ ውስጥ ከሚገባው የታሸገ ጭማቂ ይልቅ ሙዝ ርካሽና የተሻለ መሆኑን የሚያውቅ ወላጅ እንኳ ሙዝ በቦርሳ ተጨፍልቆ ይጠቁራል ብሎ ይተወዋል፤ እዚህም የወሰነው መያዣው ነው። በ2014 ዓ.ም. ይፋ የሆነው የአገሪቱ የአመጋገብ መመሪያ ጥራጥሬ፣ አትክልትና ፍራፍሬ በየዕለቱ እንዲበሉ፣ ስኳርና ጨው እንዲቀነሱ ይመክራል። ምክሩ ግን ለእናት የተነገረ ሲሆን፣ እናቲቱ ደግሞ ምሳውን የምታበስለው ከበሰለ ከአምስት ሰዓት በኋላ፣ ቀዝቅዞ፣ በዴስክ ላይ ለሚበላ ልጅ ነው።

በዚህም የተነሣ አንድ ያልተጠበቀ ነገር ተከስቷል፤ በትምህርት ቤት ክፍያ ብዙ ብር የሚያወጣ ቤተሰብ ልጅ ነጭ ማካሮኒና ጣፋጭ ጭማቂ ሲበላ፣ ከመንገዱ ማዶ ባለው የመንግሥት ትምህርት ቤት ያለው ልጅ ትኩስ ምስር በእንጀራ ይበላል። የከተማዋ ምገባ እስካሁን የግል ትምህርት ቤት አጥርን አያልፍም፤ ክፍያ የሚቀበል ተቋምን በሕዝብ ገንዘብ መመገብም ተገቢ አይደለም። የግል ትምህርት ቤቶች ባለቤቶች ግን ፈቃዳቸውን ሲያድሱ የክፍል ስፋትና የመጸዳጃ ቤት ቁጥር እንደሚጠየቁ ሁሉ፣ ማሞቂያ፣ የእጅ መታጠቢያ ውኃና መመገቢያ ክፍል እንዲኖራቸው ቢጠየቁ፣ ወላጆችም በአንድ ክፍል ብቻ ከተሠራው ፕላስቲክ ይልቅ አያቶቻቸው ወደ ፋብሪካ ይዘውት ወደሚሄዱት ተደራራቢ ምሳ ዕቃ ቢመለሱ፣ ሽሮና ጎመን ወደ ልጆቹ ማዕድ ለመመለስ ሌላ የሚያግዳቸው ነገር የለም። የላፍቶና የጀሞ የወላጅ ኮሚቴዎች በሚቀጥለው የትምህርት ዘመን ስብሰባቸው ይህን ጥያቄ በአጀንዳቸው ላይ ሊያስቀምጡት ይገባል።